ማር ውስጥ የከተቱት ሐሺሽ

ሥራ ለቀቅሁ ማለት የሚያምርብኝ ዕድሜ ላይ አይደለሁም። እኛ ሮቤ ውስጥ ጡረተኛ የሚባለው ከዘራውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጸሐይ የሚሞቅ ሰው ነው፤ እኔ ገና «መቼ ነው የምታገቢው?» እየተባልኩ የምጨቀጨቅ ነኝ። ቢሆንም ለቅቄያለሁ። ሥራዬ ለፊልም ዕቃ መፈለግ፣ ማዘጋጀትና መመለስ ነበር፤ በሙያው ቋንቋ ፕሮፕስ ይባላል። ተዋናዩ የሚጠጣበትን ኩባያ፣ የሚያስፈራራበትን የእንጨት ሽጉጥ፣ ተዋናይቷ እንባዋን የምትጠርግበትን መሐረብ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። አሁን አባቴ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እለካለሁ። ደንበኛ በገባ ቁጥር ይጠይቀኛል፦ «ፈቲያ፣ ምነው ፊልሙን ተውሽው? አባረሩሽ እንዴ?»

አላባረሩኝም። እንዲያውም ለሚቀጥለው ምዕራፍ ደውለውልኛል። የተውኩት በአንድ ክፍል ምክንያት ነው። ያንን ክፍል አገር አይቶታል፤ ስልክ ላይም ተቆራርጦ ዞሯል። ከቀረጻው በኋላ የሆነውን ግን የትኛውም ካሜራ አልቀረጸውም። እሱን ነው የምጽፈው።

ወደ ሥራው የገባሁት በምላሴ ነው። አንድ ቡድን የስንዴ ዘር ማስታወቂያ ሊቀርጽ መጥቶ ለተዋናዩ ልብስ ፍለጋ ሱቃችን ገባ። አዲስ ጋቢ ገዙና እዚያው ደጃፍ ላይ በምላጭ ይተለትሉት ጀመር።

«ምን አደረጋችሁ?» አልኳቸው።

«ገበሬ እንዲመስል ነው» አለኝ አንዱ።

«የአጋርፋ ገበሬ ፎቶ ሲነሳ ያለውን ምርጥ ልብስ ነው የሚለብሰው። ደግሞ ጋቢ የሚያልቀው ትከሻው ላይ ነው፤ ይኼን መሃሉ ላይ ማን ወጋው?»

ሳቁብኝ፤ በማግስቱ ግን ቀጠሩኝ። አባቴ «ሰው መስደብ ደሞዝ እንዳለው ባውቅ ኖሮ ሱቅ አልከፍትም ነበር» አለ።

ከዚያ ወዲህ ያልሠራሁት የለም። ሰነቲ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ለሚጠብቁ ቀራጮች ሻይ ተሸክሜያለሁ፤ ሥራዬ ግን ሾፌሮቹን ዝም ማሰኘት ነበር፤ ከቀበሮው ይልቅ እነሱ ያስቸግራሉ። ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ለሙዚቃ ክሊፕ ፈረስ አቅርቤያለሁ። ዘፋኙ በፈረስ ተቀምጦ ከጨለማው ውስጥ እየዘፈነ እንዲወጣ ነበር የታሰበው። ፈረሱ የዋሻውን አፍ አይቶ እምቢ አለ። ከሁላችንም አስተዋዩ እሱ ነበር። ክፍያው አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ይረሳል፤ እሱን እዚህ አላነሳም።

ቀጥሎ የወንጀል ድራማው መጣ። ዳይሬክተሩም ፕሮዲዩሰሩም ናሆም የሚባል ቀልጣፋ ሰው ነው። ታሪኩ አንድ መርማሪ ፖሊስ የሐሺሽ አዘዋዋሪዎችን ከከተማ ወደ ከተማ ሲያሳድድ የሚያሳይ ሲሆን፣ ከክፍሎቹ አንዱ ጎባና ሮቤ ላይ ይቀረጻል። የዕቃው ኃላፊ ጋሽ ተፈራ ይባላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በቲያትር ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ያረጁ፣ አንድ እግራቸውን የሚያማቸው፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ሙያ አለኝ ካልኩ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ተፈራ ዕቃ ሲዋሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ባለቤቱ እንዴት አድርጎ ነው የሚይዘው?» ብለው ነው። መጥረቢያ ከሆነ እንጨት ያስፈልጡና ቆመው ያያሉ። ከዚያ ለተዋናዩ ራሳቸው ያሳዩታል። ሁለተኛው ልማዳቸው ስም መሸፈን ነው። ኩባያ ላይ የተጻፈ ስም፣ በር ላይ ያለ ቁጥር፣ ጆንያ ላይ የታተመ የነጋዴ ስም፣ ሁሉንም በጭቃ ወይም በፕላስተር ይሸፍናሉ። «ፊልሙ ያልፋል፤ ስሙ ግን እዚያው ሰፈር ነው የሚኖረው» ይላሉ። ሦስተኛው፣ ዕቃውን በሰው እጅ አይልኩም። አጥበው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ሄደው፣ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠው ይመልሳሉ። የሚይዝ ዕቃ ከሆነ ባዶውን አይመለስም፤ ስኳር ወይም ሙዝ ይከቱበታል። እኔ መጀመሪያ ላይ የሽማግሌ ወግ መስሎኝ ነበር።

ለዚያ ክፍል የሚያስፈልገንን ሐሺሽ የሠሩት እሳቸው ናቸው። የደረቀ ጎመን ይፈጫሉ፣ ያገለገለ ሻይ ቅጠል ይጨምራሉ፣ በጥቂት ማር ለውሰው በእጃቸው ይጫኑታል። ሲደርቅ ጥቁር አረንጓዴ ጡብ ይሆናል። «ሽታው ግን የአክስቴን ወጥ ቤት ነው የሚመስለው» ብዬ ሳስቃቸው «ቴሌቪዥን አይሸትም፤ እግዜር ይመስገን» አሉኝ።

ስክሪፕቱ ላይ ሐሺሹ የሚገኘው በአንድ መጋዘን፣ በዱቄት ጆንያ ውስጥ ነበር። ማር የሚታየው በሌላ ቦታ ነው፤ መርማሪው መንገድ ዳር ቆሞ ማር ይገዛል፣ ጣቱን ይልሳል፣ ያልፋል። ለዚያ የሚሆን ማር መያዣ ፍለጋ ከሰነቲ ማዶ ወዳለችው ሪራ ወርጄ ኦቦ ከድር ቤት ሄድኩ። ኦቦ ከድር ሐረና ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ፣ ማራቸውን ጎባ ገበያ የሚያወጡ ሰው ናቸው። ከእንጨት ተፈልፍሎ የተሠራ፣ የቆዳ ክዳን ያለው የማር መያዣ አላቸው፤ ሆዱ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አለበት፦ ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ሁለት ቅስቶችና መሃላቸው አንድ መስመር። የአባታቸው ምልክት ነው። በዚያ ሰፈር ቀፎ የሚሰቅል ሁሉ የየራሱ አለው። ምልክቱን ያየ ሰው እጁን ይሰበስባል። ጎባ ያለው ገዢም ሳይቀምስ የሚገዛው እሱን አይቶ ነው።

«ፊልሙ ስለ ምንድን ነው፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ። «ልጄ» ማለታቸው ነው።

«ስለ ሐሺሽ ነጋዴዎችና ስለ ፖሊስ ነው፣ ኦቦ።»

«አዑዙ ቢላህ! እኔስ የቱ ጋ ነኝ?»

«እርስዎ የሉበትም። ፖሊሱ መንገድ ላይ ማር ሲገዛ መያዣው ይታያል። ያ ብቻ ነው።»

«ገዝቶ ይከፍላል?»

«ይከፍላል።»

«እንግዲያው በእርግጥም ፊልም ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሙሉውን፣ ከነማሩ፣ አሸከሙኝ። ለማሩ ተከፍሏቸዋል፤ በደረሰኝ።

ቀረጻው ጎባ ነበር። ጠዋት ብርዱ ማሩን አጠንክሮት ስለነበር ጋሽ ተፈራ መያዣውን ሙቅ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው እያገላበጡ ያለሰልሱታል። ናሆም ቡናውን ይዞ መጣና ክዳኑን ከፈተ። ውስጡን አየ። ዓይኑ ሲለወጥ አየሁ፤ ያ ዓይን ሲመጣ የሆነ ነገር ይበላሻል።

«ዱቄት ሰልችቶናል» አለ። «ሐሺሽ ከዱቄት ሲወጣ ስንት ፊልም ላይ አይተናል! ከዚህ ቢወጣስ? ወርቅ የመሰለ ማር ቀስ እያለ ሲንጠባጠብ፣ ከውስጡ ጥቁር ፌስታል!»

ካሜራ ማኑ አፏጨ። ተዋናዩ አጨበጨበ።

«ለባለቤቱ የነገርኩት ሌላ ነው» አልኩ።

«የነገርሽው የትናንቱን ስክሪፕት ነው።»

«እሺ፣ ሰው ልላክና ይጠየቁ።»

«ሪራ? ሰነቲን ተሻግሮ? ጸሐይዋ ትጠብቀናለች?»

«ሌላ መያዣ እፈልጋለሁ። ጄሪካን ይሁን። ገበያው እዚህ ነው።»

«ፌቲ፣ ጄሪካን ማን ያያል? አታካብጂ፤ ልብ ወለድ ነው።»

ጋሽ ተፈራ ጭቃ አቡክተው ምልክቱ ላይ ለጠፉና በመዳፋቸው አስተካከሉት። የመጀመሪያው ቀረጻ እንደዚያ ሄደ። መርማሪው እጁን ማሩ ውስጥ ከተተ፣ ያንን ጎመንና ሻይ ቅጠል በፌስታል አወጣ፣ «ጣፋጭ ንግድ» አለ። ናሆም «ቁም!» ብሎ ተጠጋና ጭቃውን በጣቱ ፋቀ።

«ይኼን የመሰለ ጌጥ ነው ጭቃ የቀባችሁበት?»

«ጌጥ አይደለም» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ስም ነው።»

«ማን ያነበዋል?»

«እዚህ ያለ ሰው ሁሉ!» አልኩ፤ ጮኼ ነው ያልኩት። አላፍርበትም።

ናሆም መሐረቡን አውጥቶ ምልክቱን አጥርቶ ጠረገው፤ የራሱን ጫማ እንኳን እንደዚያ ሲጠርግ አላየሁትም። ካሜራው እንዲጠጋ አዘዘ። እኔን ደግሞ «ኤዲቲንግ ላይ እናደበዝዘዋለን፤ ቃሌን ሰጥቼሻለሁ» አለኝ። ቃል የሚባል ነገር ከዚህ ሰው አፍ እንደ ማስቲካ ነው የሚወጣው። ቀረጻው ሲያበቃ ጋሽ ተፈራ ጎንበስ ብለው ምልክቱን እንደገና በጭቃ ሸፈኑት። ካሜራው ጠፍቶ ነበር፤ እጃቸው ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም።

መያዣውን ለመመለስ ሁለታችንም ሪራ ወረድን። አጥበነው፣ ስኳር ሞልተንበት። የሆነውን ሁሉ ሳንደብቅ ነገርናቸው። ኦቦ ከድር መያዣውን ተቀብለው ምልክቱን በመዳፋቸው ዳሰሱና «እናደበዝዘዋለን ካለ ያደበዝዘዋል፤ ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ?» አሉ። ትልቅ ሰው ቃሉን ይጠብቃል ብሎ ማመን እሳቸው ያደጉበት ነው። ናሆም ያደገበትን አላውቅም።

ክፍሉ ሲተላለፍ ጎባ አንድ ምሳ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ማሩ ተንጠባጠበ፣ ፌስታሉ ወጣ፣ ካሜራው ተጠጋ። ሁለቱ ቅስቶችና መስመራቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን ሞልተው ቆሙ። ቅንጣት እንኳ አልደበዘዘም። አጠገቤ ሽሮ የሚበላ ሰውዬ ጉርሻውን ሳይውጥ «የከድር ማር አይደለም እንዴ?» አለ። ናሆም «ማን ያነበዋል?» ብሎ ነበር። እነሆ፣ በልቶ ያልጨረሰ ሰው አነበበው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይኸው ነው። ኦቦ ከድር ማራቸውን ጭነው ሲመጡ መንገድ ላይ ያለው ኬላ አስወረዳቸው። ጠባቂው ረጅም ብረት ይዞ ማሩን እስከ ታች ወጋው፤ አንዱን መያዣ፣ ሌላውን፣ ሌላውን። ብረቱ አሸዋና ጆንያ ሲወጋ የዋለ ነው። «ምን አጠፋሁ?» ሲሉት «ቴሌቪዥን አያዩም እንዴ?» አላቸው። ገበያ ሲደርሱ ደግሞ ቀልደኛው ጠበቃቸው። «ኦቦ፣ ከሚያጣፍጠው ነው ከሚያበርረው?» «ለኔ ፌስታል ያለበትን ጣል ያድርጉልኝ!» የሚስቀው ብዙ ነው፤ የሚገዛው የለም። ለዓመታት ማራቸውን ሲወስዱ የነበሩት የሆቴል ባለቤት «እኔ አውቅዎታለሁ፤ ደንበኛው ግን ምልክቱን ያያል» ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እዚያው ጫካ ያሉ ሌሎች ማረኞችም አጉረመረሙ፤ በእሳቸው ሳቢያ የሁሉም ማር እየተወጋ ነው። ከነሱ አንዱ ጠንከር አለ። «ከድር ይህን ምልክት ይተው። ወይ ሌላ ያውጣ፣ ወይ ከኛ ጋር አብሮ አይጫን።»

የአባታቸውን ስም ይተው ማለት ነው። ያልሠሩትን ወንጀል ሊሸሹ፣ እንደ ወንጀለኛ ስም ሊለውጡ።

ለናሆም ደወልኩ። «ሰውዬው ተጎድቷል። በሚቀጥለው ክፍል መጀመሪያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ማሩም ምልክቱም የአንድ ንጹሕ ሰው ነው በሉ።»

«መጀመሪያ ላይ ልብ ወለድ ነው ብለን ጽፈናል'ኮ።»

«ታሪኩ ልብ ወለድ ነው። መያዣው ግን የሰው ነው!»

«ፌቲ፣ እንደዚያ ከጻፍን የተመልካቹ ስሜት ይሰበራል።»

የተመልካቹ ስሜት! የኦቦ ከድር አጥንት ቢሆን ኖሮ የተሰበረው፣ ሐኪም ቤት ወስደን ፎቶ እናስነሳው ነበር።

ጉዳዩ ሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። ሰብሳቢው ሐጂ አማን ነበሩ፤ ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩ ግን መሬት መሬት የሚያዩ ሽማግሌ። «የፊልሙ ሰዎች ይምጡ» አሉ። ናሆም ሥራ በዝቶበት ነበር፤ ሥራ የማይበዛበት ማን አለ? የመጡት ጋሽ ተፈራ ናቸው። ማንም አልላካቸውም። ያንን እግር ይዘው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥተው ሮቤ መናኸሪያ ሲወርዱ፣ በእጃቸው የያዙት አንድ ከረጢት ብቻ ነበር።

«ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ጎመን» አሉኝ።

በገበያ ቀን፣ ጎባ፣ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ሜዳ ላይ ጋሽ ተፈራ ተቀመጡ። ማረኞቹ መጥተዋል፣ ቀልደኞቹ መጥተዋል፣ የኬላው ጠባቂም ሽማግሌዎቹ ስላስጠሩት ዳር ላይ ቆሟል። ጋሽ ተፈራ በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ።

«ከዚህ ሰው ማር ውስጥ የወጣውን ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እሳቸው አያውቁም፣ አላዩም። እንዴት እንደሠራሁት ላሳያችሁ።»

ደረቁን ጎመን ፈጩ። ሻይ ቅጠሉን ከእርጥብ ጨርቅ ውስጥ አወጡ። ኦቦ ከድር ከራሳቸው ማር ሰጧቸው። ለወሱ፣ ጠፈጠፉ፣ በፌስታል ጠቀለሉ። ሰዉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። መጨረሻ ላይ ጋሽ ተፈራ ፌስታሉን ፈቱና ከጡቡ ቆርሰው በሉ። አንዱን ቁራሽ ለኬላው ጠባቂ ዘረጉለት።

ጠባቂው ዙሪያውን አየ፤ ቀመሰው። ፊቱ ተጨማደደ።

«ወላሂ፣ ጎመን ነው!» አለ።

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ያ «ከሚያበርረው» እያለ ሲቀልድ የነበረው ሰው «በእናትህ፣ እንጀራ ጨምርበት!» ብሎ ጮኸ። ኦቦ ከድር ራሳቸው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። እኔም አለቀ ብዬ ነበር። ጠንካራው ማረኛ ተነስቶ የኦቦ ከድርን እጅ ጨብጦ «ምልክቱ ይኑር፤ አብረን እንጭናለን» አለ። ሐጂ አማን መረቁ። የሰፈሩ ነገር እዚያው ሜዳ ላይ ተዘጋ።

ሰዉ ሲበተን ግን ሐጂ አማን ጠሩኝ። መሬት መሬት እያዩ፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«እዚህ የነበርነው አይተናል። ያንን ፊልም ያየው ግን አገር ነው። ለነዚያ ማን ያበስልላቸዋል?»

ለጋሽ ተፈራ እንድተረጉምላቸው ይጠብቁኝ ነበር። አልቻልኩም። እሳቸውም ሳልተረጉምላቸው የገባቸው ይመስለኛል፤ ከረጢቱን ብቻ አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

እውነትም ሐጂ አማን እንዳሉት ሆነ። ሮቤና ጎባ ያሉ ገዢዎች ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ከሻሸመኔና ከአዲስ አበባ የሚመጡት ግን ምልክቱን ሲያዩ አሁንም ይጠቋቆማሉ። መኪና ላይ የሚጭን ነጋዴ በጎመኑ ጨዋታ ላይ አልነበረም። እሱ የሚያውቀው ወርቅ የመሰለ ማርና ጥቁር ፌስታል ነው።

ናሆም የደወለልኝ በዚያው ሰሞን ነው። ያ ክፍል ከሁሉም በላይ ታይቷል አለኝ። ተመልካቹ ማሩን ስለወደደው በሚቀጥለው ምዕራፍ መልሰን እናምጣው፤ አንቺም በተሻለ ክፍያ ነይ፤ ሰውየውንም ብናስተውነው ደስ አይለውም ወይ? ራሱን ሆኖ፣ የአዘዋዋሪዎቹን አለቃ። አንድ ቀን እንኳ ሳያየው፣ ፊቱ ደግሞ ካሜራ ይወዳል አለኝ።

በሕይወቴ ቃል አጥቼ አላውቅም። ጨርቅ መጠቅለያ ካርቶን ላይ ግጥም ስጽፍ ያደግሁ ነኝ፤ ለስድብም ለሙገሳም ቃል አይጠፋኝም። ያን ቀን ግን ስልኩን ዘጋሁት። ለእሱ የሚሆን ቃል ቢኖረኝም ስሜት ተሰብሯል ብሎ ይቆርጠው ነበር። ሥራዬን የለቀቅሁት ያኔ ነው፤ ማመልከቻ የለው፣ መሸኛ የለው።

ሰዎች «በአንድ ማር መያዣ ምክንያት?» ይሉኛል። አዎ፣ በአንድ ማር መያዣ ምክንያት። ሐሺሽ የሚያዘዋውር ሰው የለም አላልኩም። አለ፤ ይያዝ፣ ፊልምም ይሠራበት። ግን እውነተኛው አዘዋዋሪ መያዣው ላይ ምልክቱን አይተኩስም። ስሙን ዕቃው ላይ የሚያትም ሰው የሚያፍርበት ነገር የሌለው ሰው ነው። ይህን መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ከሚተውነው ሰው ባልጠብቅም፣ ከጻፈው ሰው እጠብቅ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ሪራ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ስመለስ ከኦቦ ከድር ማር ጋር በአንድ መኪና ተጫንኩ። ኬላው ላይ አቆሙን። የወጣው ያው ጠባቂ ነው፤ ያ ሜዳ ላይ ጎመኑን የቀመሰው። ኦቦ ከድርን ሲያይ ፈገግ አለ፣ በሁለት እጁ ሰላም አላቸው፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቃቸው።

ከዚያ ብረቱን አነሳ።

«አንተ ራስህ አልቀመስከውም እንዴ?» አልኩት።

«ቀምሻለሁ፣ እህቴ። የሚታዘዘው ግን ከላይ ነው። እነሱ አልቀመሱም።»

ከኪሱ ሶፍት አወጣ። ብረቱን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ፣ በጥንቃቄ ጠረገው። እንደገና አየው፣ ጫፉን ደገመው። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ ማሩን እስከ ታች ወጋ። አገሪቱ ለኦቦ ከድር የከፈለችው ካሳ ይኸው ነው፦ የተጠረገ ብረት።

ኦቦ ከድር ክዳናቸውን መልሰው አሰሩና «ገላቶሚ» ብለው አመሰገኑት።

እኔ አላመሰገንኩትም።